የቀላል ባቡር ዕቅድ ከደቂቃው ይጀምራል

የቀላል ባቡር ነገር ሲነሳ ብዙዎቻችን ወዲያው ካርታ ዘርግተን መስመር መሳል እንጀምራለን። ከአያት ወደ ለገጣፎ እንቀጥለው፣ ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ እንግፋው፣ ከጦር ኃይሎች ወደ ዓለም ባንክ እናድርሰው። መስመር መሳል ደስ ይላል። ዳር የሚኖር ሰው ግን ጠዋት ቤቱን ሲቆልፍ ስለ መስመሩ ርዝመት አያስብም። "አሁን ብወጣ ስንት ደቂቃ እጠብቃለሁ?" ነው የሚለው። ዕቅዱም ከዚህ ጥያቄ ይነሳ። ባቡሩ በየስንት ደቂቃው ይመጣል? ይህን መጀመሪያ ቁረጡ። የባቡሩ ብዛት፣ የዴፖው (ባቡሩ የሚያድርበትና የሚጠገንበት ግቢ) ስፋት፣ የኤሌክትሪኩ መጠን፣ የመለዋወጫው በጀት፣ ሁሉም የሚወጣው ከዚያች ደቂቃ ነው።

ይህን የምጽፈው ከተማ ፕላን ለሚማሩ፣ ክፍለ ከተማ ላይ ለሚሠሩ፣ እንዲሁም "ሰፈራችሁ ባቡር ሊገባ ነው" ተብለው ለስብሰባ ለሚጠሩ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ነው። ምሳሌዬ አዲስ አበባ ነው። እዚህ ባቡሩ ሲሠራም ሲቸገርም አይተነዋል። የሰሜን ደቡቡ መስመር መስከረም 2008 ዓ.ም. ጀመረ፣ የምሥራቅ ምዕራቡ በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ተከተለ። ከአያት ጦር ኃይሎች 17.4 ኪሎ ሜትር፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ 16.9። 39 ጣቢያ፣ 41 ባቡር። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከ41ዱ ባቡሮች አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆሙ። ሃዲዱም ጣቢያውም እዚያው ነው፤ የጠፋው ደቂቃው ነው።

መጀመሪያ ሰልፉን ቁጠሩ

ከቢሮ አትጀምሩ። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ከንጋቱ 11:30 ላይ ዳር ካለ ሰፈር የታክሲ ተራ ላይ ቁሙ፣ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት። ሰኞና ዓርብ ይዛባል፣ ትምህርት በተዘጋበት ወር ደግሞ ቁጥሩ ያሳስታል። የሚወጣውን ሚኒባስ በ12 አባዙ፣ አውቶቡሱን ለብቻ ቁጠሩ። ከዚያ ደግሞ ሰልፉ ሰልችቷቸው በእግራቸው የሚሄዱትን ቁጠሩ፤ እነሱ በማንም ጥናት ላይ አይታዩም።

ተራ አስከባሪውን ሻይ ጋብዙት። ሰልፉ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚጠመዘዝ፣ ዝናብ ሲጥል ስንት ታክሲ እንደሚቀር፣ የትኛው ቀን ገበያ እንደሆነ፣ አዲስ ሳይት ሲተላለፍ ሰዉ በስንት ወር እንደጨመረ ያውቃል። ብዙ ገንዘብ የወጣበት የትራፊክ ሞዴል ከእሱ ወሬ ጋር ካልተስማማ ሞዴሉን ድጋሚ ፈትሹት።

ሰዉን ስትጠይቁ "ወዴት ነህ?" ብቻ አትበሉ። ከአያት የሚነሳ ሰው "መገናኛ" ይላችኋል፤ መገናኛ ግን ለብዙዎች የመቀየሪያ ቦታ ናት። "ከመገናኛ ቀጥሎስ?" በሉ። ቦሌ ይላል፣ አራት ኪሎ ይላል፣ ፒያሳ ይላል። ጉዞው ሙሉውን ካልተያዘ ባቡራችሁ ሰውን ከአንድ ሰልፍ አውጥቶ ሌላ ሰልፍ ላይ ያቆመዋል። ቀን ላይም ተመለሱ። ልጅ አዝላ ጤና ጣቢያ የምትሄድ፣ አትክልት ተራ ደርሳ የምትመለስ ሴት የምትጓዘው ከ4 እስከ 9 ሰዓት ባለው ነው። የቢሮ ሰዓት ብቻ ቆጥሮ የወጣ ፕሮግራም እሷን ሜዳ ላይ ይጥላታል።

ቁጥሩ በአንድ ሰዓት በአንድ አቅጣጫ 2,000 ሰው ካልደረሰ፣ በቅርብ ዓመታትም ይደርሳል የሚያሰኝ ቤት እየተሠራ ካልሆነ፣ ባቡሩን ተዉትና ለአውቶቡስ የራሱን መንገድ ስጡት። የባቡሩን ቦታ ግን አሁኑኑ አስከብሩ። ለሁለት ሃዲድ 8 ሜትር ገደማ፣ ጣቢያ በሚያርፍበት 14 ሜትር አካባቢ በፕላኑ ላይ ይከለል። መሬቱ ባዶ ሳለ ይህ የአንድ ፊርማ ሥራ ነው። ኮንዶሚኒየሙ ከቆመ፣ ሱቁ ከተከፈተ፣ ሰው ካርታ ከያዘ በኋላ ግን የካሳና የእንባ ሥራ ይሆናል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ

ይህን በስልካችሁ ካልኩሌተር መሥራት ትችላላችሁ። 15 ኪሎ ሜትር መስመር አስቡ። ባቡሩ ጣቢያ መቆሙንም ጨምሮ በአማካይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። አንድ ጫፍ ለመድረስ 45 ደቂቃ ነው። ደርሶ ለመመለስ 90። በየጫፉ አሽከርካሪው እስኪዞርና የረፈደው እስኪካካስ 7፣ 7 ደቂቃ ጨምሩ፤ 104 ደቂቃ። በየ6 ደቂቃው ባቡር ይምጣ ካላችሁ 104ን ለ6 አካፍሉ፤ 17.3 ይመጣል፣ ስለዚህ 18 ባቡር መንገድ ላይ መሆን አለበት። ለጥገናና ለመጠባበቂያ 3 ጨምሩ። በድምሩ 21።

አሁን ባቡሩ ተበላሽቶ 7 ብቻ ቀረ እንበል። 104 ለ7 ወደ 15 ደቂቃ ነው። አንድ ባቡር 250 ሰው ቢይዝ በየ6 ደቂቃው ሲመጣ በሰዓት 2,500 ሰው ያነሳል፤ በየ15ቱ ሲመጣ 1,000። 1,500 ሰው ወደ ታክሲ ሰልፍ ተመለሰ ማለት ነው። የቀሩት 1,000ዎቹም ተጨናንቀው፣ ኪሳቸውን ይዘው፣ በር ላይ ተጣብቀው ነው የሚሄዱት።

ይህ ሒሳብ ሌላም ነገር ያሳያችኋል፣ እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ እሱ ነው። መስቀለኛ መንገድ ላይ ባቡሩ እንደማንኛውም መኪና ቀይ መብራት ጠብቆ ይለፍ ብትሉና አማካይ ፍጥነቱ ከ20 ወደ 15 ቢወርድ፣ ደርሶ መልሱ ከ104 ወደ 134 ደቂቃ ይዘላል፤ ያንኑ የ6 ደቂቃ ልዩነት ለመጠበቅ 18 የነበረው 23 ባቡር ይሆናል። አምስት ባቡር በቀይ መብራት ተበላ! ስለዚህ መስቀለኛ መንገድ ላይ ለባቡር ቅድሚያ የሚሰጥ መብራት መጀመሪያ የሚገዛ እንጂ በጀት ሲተርፍ የሚታሰብ ነገር አይደለም። ጣቢያ ማብዛትም እንዲሁ ነው። ሁሉም ሰፈር በሩ ላይ ጣቢያ ይፈልጋል፣ ፍላጎቱም ተገቢ ነው። ግን 8 ጣቢያ ብትጨምሩና እያንዳንዱ 45 ሰኮንድ ቢወስድ በደርሶ መልስ 12 ደቂቃ ሄደ፤ ሁለት ባቡር ተጨማሪ መግዛት አለባችሁ። አዲስ አበባ ላይ በጣቢያና በጣቢያ መካከል በአማካይ 800 ሜትር ገደማ ነው። ለመሃል ከተማ ደህና ነው። ወደ ዳር ስትወጡ ግን ወደ ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ አስፉት።

ማራዘምና ቅርንጫፍ ማውጣት

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ፣ ስህተቱ የሚበዛው እዚህ ነውና።

አዲስ አበባ ላይ ሁለቱ መስመሮች መሃል ላይ አንድ ሃዲድ ይጋራሉ። ከስታዲየም እስከ ልደታ 2.7 ኪሎ ሜትር፣ ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ ዕድና ልደታ፣ አምስት ጣቢያ። እያንዳንዱ መስመር በየ6 ደቂቃው ባቡር ቢልክ በዚያ ማነቆ ላይ በየ3 ደቂቃው ባቡር ያልፋል። ሳሪስ ላይ አንዱ በር አልዘጋም ብሎ ቢዘገይ ሲኤምሲ የቆመ ሰው ይረፍድበታል። አሁን ከዚያው ማነቆ ሦስተኛ መስመር እናስገባ ብትሉ፣ ማነቆው በየ3 ደቂቃው ከአንድ በላይ ካላሳለፈ፣ የእያንዳንዱ መስመር ሰው በየ9 ደቂቃው ነው የሚያገኘው። አዲሱ ሰፈር ባቡር አገኘ፣ የድሮዎቹ ሁለቱ ሲሶውን አጡ። በካርታው ላይ ይህ አይታይም። ካርታው ላይ የሚታየው አዲስ ቀለም ነው።

ጫፉን ማራዘምም ዋጋ አለው። ያንን የ15 ኪሎ ሜትር መስመር 8 ኪሎ ሜትር ወደ ዳር ግፉት። ደርሶ መልሱ 152 ደቂቃ ይሆናል። 18ቱን ባቡር ይዛችሁ ከቀጠላችሁ ከ6 ደቂቃ ወደ ስምንት ደቂቃ ተኩል ትወርዳላችሁ፤ 6ን ለመጠበቅ 26 ባቡር ያስፈልጋል። ሌላም አለ። ባቡሩ ከአዲሱ ጫፍ ሞልቶ ሲመጣ ድሮ መነሻ ላይ ቁጭ ብሎ ይሄድ የነበረው ሰው መግቢያ ያጣል። ስለዚህ ማራዘሚያ ሲታቀድ አንዳንዱ ባቡር መንገድ ላይ ዞሮ እንዲመለስ የሚያስችል መሻገሪያ ሃዲድ ከመጀመሪያው ይቀመጥ። ጠዋት ከድሮው መነሻ ባዶ የሚነሳ ባቡር ይኖራል፣ ሰዉም አይጣላም።

ሁሉም ወደ መሃል ይሂድ ማለትም አያስፈልግም። ከኮዬ ፈጬ ወደ አያት ወይም ወደ ቦሌ አራብሳ የሚሄድ ሰው ስታዲየም ምን ያደርጋል? አሜሪካ ውስጥ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሜሪላንድ፣ ፐርፕል ላይን የተባለው ቀላል ባቡር የሚሠራው ለዚህ ነው። የዋሽንግተን ሜትሮ መስመሮች ሁሉም ወደ መሃል ይገባሉ፤ ይህኛው ከቤተዝዳ ኒው ካሮልተን 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በዳር በዳር ሄዶ በ21 ጣቢያ እርስ በርስ ያገናኛቸዋል። የኛ ሰው በብዛት የሚኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ መሃሉ ላይ ነው። ሐሳቡ ግሩም ነው፣ ግንባታው ግን ብዙ አንገላቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 ተጀምሮ በ2022 ይከፈታል የተባለው፣ የመጀመሪያው ሥራ ተቋራጭ በመዘግየትና በወጪ ጭቅጭቅ 2020 ላይ ጥሎ ወጥቶ፣ ወደ 2027 መጨረሻ ተገፋ። ቦታ ማስለቀቁ፣ የውኃና የመብራት መስመር ማዛወሩ፣ ክርክሩ፣ ሁሉም ጊዜ በላ። ከዚህ የሚወሰደው ግልጽ ነው። ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ቧንቧውንና ኬብሉን አዛውሩ፤ ሲዘገይ ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ በቁጥር ጻፉ፤ ደጁ ለተቆፈረበት ባለ ሱቅም ከመጀመሪያው በጀት ያዙለት፣ የአምስት ዓመት አጥር ፊቱ ላይ ተተክሎ ኪራይ የሚከፍልበት አያገኝምና።

የእግር መንገዱ

ፕላነሮች ጣቢያ ላይ ኮምፓስ ተክለው 800 ሜትር ክብ ይስላሉ። በክቡ ውስጥ ያለ ሁሉ ተሳፋሪ ይባላል። እኔ አንድ ሐምሌ ላይ ከአንድ ኮንዶሚኒየም ብሎክ እስከ ጣቢያ ሰዓት ይዤ ሄጄ ነበር። ካርታው ላይ 700 ሜትር ነው። ከግቢው በር ወጥቼ የቆርቆሮ አጥር ዞርኩ፣ ከዚያ ክዳን የሌለው ቦይ በድንጋይ ተሻገርኩ። ፊት ለፊቴ አንዲት እናት ጫማዋ ላይ ፌስታል አስራ፣ ሌላ ንጹሕ ጫማ በቦርሳዋ ይዛ፣ የልጇን እጅ ጎትታ ትሄዳለች። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ጣቢያው ከመንገዱ መሃል ይታያል፣ ሃምሳ ሜትር አይሞላም። አጥር አለው። መሻገሪያው ወደ ላይ ነው፣ ሩቅ። እስክንደርስ 19 ደቂቃ ፈጀ። እሷ ጫማዋን ቀይራ፣ ፌስታሉን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት ባቡሩ በሩን ዘጋ።

ስለዚህ በኮምፓሱ ፈንታ በእግራችሁ ለኩ፣ ክረምት ላይ። ከእያንዳንዱ ብሎክ ጣቢያ ድረስ 10 ደቂቃ የሚፈጀውን መስመር ፈልጉ፣ የሌለበት ቦታ ላይ ክፈቱ። ቦዩን መክደን፣ አጥር ላይ በር ማውጣት፣ መንገድ ላይ መብራት መስቀል ከአንድ ባቡር ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም ማለት አይደለም። ሃዲዱን ከዳር እስከ ዳር በአጥር አትዝጉት፤ ባቡሩ ቀስ በሚልበት ቦታ በየ200 እና 300 ሜትሩ መሻገሪያ ይኑር። ጣቢያን ከፍ አድርጋችሁ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ሊፍቱ እንደማይሠራ አስባችሁ ደረጃውን አቅዱ። አዛውንት በእጅ መያዣ የሚወጡት፣ ማረፊያ ያለው፣ የማያንሸራትት ይሁን።

ሚኒባስና ባጃጅን እንደ ተፎካካሪ አትዩዋቸው። የታክሲ ተራው ከጣቢያው በር በ50 ሜትር ውስጥ፣ ጣሪያ ያለው፣ በተመሳሳይ ጎን ይሁን። ማታ 2 ሰዓት ላይ ብቻዋን የወረደች ሴት ጨለማ ሳታቋርጥ የምትሳፈርበት ቦታ ከሌለ፣ ጠዋትም በባቡሩ አትሄድም።

ዴፖ፣ መለዋወጫና ዶላር

ምረቃ ላይ ሪባን የሚቆረጠው ጣቢያ ላይ ነው። ባቡሩን የሚያኖረው ግን ዴፖው ነው። አዲስ አበባ ላይ ሁለት ዴፖ አለ፣ አያትና ቃሊቲ፣ በሁለቱ መስመሮች ጫፍ። ቦታው ትክክል ነው፤ ጠዋት ባቡሩ ካደረበት ወዲያው ሥራ ይጀምራል። ለናንተ መስመር ደግሞ አሁን ከምትገዙት ሁለት እጥፍ ባቡር የሚያሳድር መሬት ያዙ። የብረት ጎማው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ እየተበላ ይሄዳልና የሚያስተካክለው ማሽን ከመጀመሪያው ቀን ይተከል። ጠባብ ኩርባ በመሳል ቦታ ትቆጥቡ ይሆናል፣ በጎማ ግን በየዓመቱ ትከፍሉታላችሁ። ዳገቱንም እንዲሁ ተጠንቀቁ። በመቶ ሜትር 6 ሜትር ከሚወጣ በላይ ከሆነ መስመሩን አዙሩ፤ በዝናብ ብረት በብረት ላይ ይንሸራተታል፣ ሞተሩም ይደክማል።

ዋናው ችግር ግን ይህ ነው፦ ተሳፋሪው የሚከፍለው ብር ነው፣ መለዋወጫው የሚገዛው በዶላር ነው። አዲስ አበባ ላይ ትኬቱ ሲጀመር 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ሠራተኛው እንዲችለው ታስቦ ነው፣ ልክም ነው። ግን ብሩ ቢሰበሰብ እንኳ ባንክ ዶላር ከሌለው ባቡሩ ቆሞ ይጠብቃል። ይህን በግዢው ቀን በውል ካላሰራችሁት በኋላ አይታሰርም። ባቡር ስትገዙ ቢያንስ የአምስት ዓመት መለዋወጫ በዚያው ብድር ውስጥ ይግባ። ንድፉ፣ የጥገና መመሪያው፣ የኮምፒውተሩ መክፈቻ ኮድ ለናንተ ይሰጥ፤ ያለዚያ ለአንዲት የኤሌክትሮኒክ ካርድ መቀየሪያ ከፋብሪካው ባለሙያ ትለምናላችሁ። በአንድ ፋብሪካ ብቻ ከሚመረት ዕቃ ይልቅ ገበያ ላይ ብዙ አምራች ያለውን የዕቃ መጠን ምረጡ። እዚሁ አገር ሊሠራ የሚችለውን ለዩ፦ የፍሬን ሸራ፣ የወንበር ብረት፣ የበር ጎማ፣ መስታወት። እነዚህን ለአገር ውስጥ ወርክሾፖች ከመጀመሪያው ዓመት ጀምራችሁ አስለምዱ። ታሪፍና ድጎማም በአንድ ቀመር ይያያዙ። ታሪፉ ካልጨመረ ልዩነቱን ማን፣ በስንተኛው ወር፣ ከየትኛው በጀት እንደሚከፍል ይጻፍ።

ገንዘብ የሚገኝበት ሌላ ቦታም አለ። ጣቢያ አጠገብ ያለ መሬት ዋጋው ይንራል። የዚያ ሊዝ የተወሰነ ድርሻ በሕግ ለባቡሩ ጥገና ይሰጥ። እዚያው አካባቢ ግን በኪራይ የሚኖረው ሰው እንዳይገፋ የኪራይ ቤት አብሮ ይታቀድ፤ ባቡሩ የተሠራው ለእሱ ነውና።

ኤሌክትሪኩን በአጭሩ ልለፈው። ቀላል ባቡር አብዛኛውን ጊዜ በ750 ቮልት ይሠራል። ከሁለት የተለያዩ ማከፋፈያዎች ይሳብ፣ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ቢያንስ ባቡሩን እስከሚቀጥለው ጣቢያ እንዲያደርስ።

ሌላው የዳርቻ ሰፈር ጣጣ አስተዳደር ነው። የአዲስ አበባ ዳር ሲያልቅ ሸገር ከተማ ይጀምራል፤ ሃዲዱ ድንበር አያውቅም፣ በጀቱ ግን ያውቃል። መስመር ከመሳሉ በፊት ሁለቱም የፈረሙበት ሰነድ ይኑር፦ ካሳውን ማን፣ ድጎማውን በስንት በስንት፣ የጣቢያውን ዙሪያ መንገድ ማን ይሠራል።

ከተከፈተ በኋላ

ከመክፈታችሁ በፊት ቢያንስ ሁለት ወር ያለ ሰው ንዱት፣ በዝናብም በሌሊትም። ከዚያ ሰው አሳፍሩ።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በየጣቢያው አንድ ሰሌዳ ይሰቀል፣ በቾክ የሚጻፍ ቢሆንም ይበቃል። ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከዴፖ ስንት ባቡር ወጣ? ከስንት? 18 ከ18። በማግስቱ 18 ከ18። 17 ሲሆን ምክንያቱ ከጎኑ ይጻፍ፣ የጠፋው ዕቃ ስምና የታዘዘበት ቀን። 14 ላይ ሲደርስ በጀት ያዡም ከንቲባውም ሰልፉ ላይ የቆመውም ሰው እኩል ቀን ይወቁት፣ ገና ሊጠገን በሚችልበት ሳምንት።